«ቱ» ወይስ «ኢንግ»? ከእንግሊዝኛ የግስ ቅርጾች የቱን፣ መቼ እንምረጥ

«ማንበብ ያስደስተኛል»፣ «ማንበብ እፈልጋለሁ»፣ «ማንበብ አለብኝ»። አማርኛ ለሦስቱም አንድ «ማንበብ» ይበቃዋል። እንግሊዝኛ ግን ለመጀመሪያው «አይ ኢንጆይ ሪዲንግ»፣ ለሁለተኛው «አይ ዋንት ቱ ሪድ»፣ ለሦስተኛው «አይ ማስት ሪድ» ይላል። የእኛ አርእስት፣ ማለትም እንደ «ማንበብ» ያለው በ«መ» ወይም በ«ማ» የሚጀምር የግስ ቅርጽ፣ እዚያ ሲደርስ ለሦስት ይከፈላል፦ ጄረንድ የሚባለው ባለ «ኢንግ»፣ ኢንፊኒቲቭ የሚባለው ባለ «ቱ»፣ እና «ቱ» ያልቀደመው ባዶ ግስ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ «ቱ ሪድ ማለት ማንበብ ነው» እያልን ስለሸመደድን አርእስት ባየን ቁጥር «ቱ» ቀድማ ትመጣለች። «አይ ኢንጆይ ቱ ሪድ» የሚለው ስህተት የሚወለደው ከዚሁ ነው።

አንድ የስም መመሳሰል ገና ከመጀመሪያው ይጥራ። የውጭ አጥኚዎች በጻፏቸው የአማርኛ ሰዋስው መጻሕፍት «በልቶ»፣ «ሄዶ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ብዙ ጊዜ «ጄረንድ» ይባላል። ከእንግሊዝኛው ጄረንድ ጋር ስም እንጂ ሥራ አይጋራም። «በልቶ ሄደ» እንግሊዝኛ ላይ «ሂ ኤት ኤንድ ሌፍት» ነው። የእንግሊዝኛው ጄረንድ ስም ሆኖ የሚሠራ ግስ ስለሆነ የሚቀርበው ለ«መብላት» እንጂ ለ«በልቶ» አይደለም።

ብዙ ሰው ምርጫውን ከትርጉም ይጀምራል፤ «ይህ ድርጊት አልቋል ወይስ ገና ነው?» እያለ ያሰላስላል። ያ ጥያቄ መጨረሻ ላይ፣ ለጥቂት ግሶች ብቻ የሚነሳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱን የሚወስነው ከግሱ በፊት የተቀመጠው ቃል ነው። ስለዚህ ዓይናችሁን ወደ ግራ አዙሩና በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦ መስተዋድድ (እንደ «ኢን» እና «አት» ያለ) አለ? ረዳት ግስ (እንደ «ካን» እና «ማስት» ያለ) ወይም «ሜክ» እና «ሌት» አሉ? በመሃል ሰው ገብቷል? ከሦስቱ አንዱም ከሌለ ያን ጊዜ ቀዳሚውን ግስ ራሱን ተመልከቱ።

መስተዋድድ ካለ «ኢንግ»

«ኢን»፣ «አት»፣ «ኦፍ»፣ «ፎር»፣ «አባውት»፣ «ባይ»፣ «ዊዝአውት»፣ «ቢፎር»፣ «አፍተር»፣ «ኢንስቴድ ኦፍ»፤ ከእነዚህ ቀጥሎ ግስ ከመጣ «ኢንግ» ይዞ ይመጣል። «ሺ ኢዝ ጉድ አት ኩኪንግ»፣ «ታንክ ዩ ፎር ሄልፒንግ ሚ»፣ «አይ አም ኢንተረስትድ ኢን ለርኒንግ አረቢክ»። ከሁሉም ደንቦች አስተማማኙ ይህ ነው፤ ፈተና ላይ ከምርጫዎቹ በፊት መስተዋድድ ካያችሁ ቀሪውን ማንበብ እንኳ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ለአማርኛ ተናጋሪ አቋራጭ አለ። የራሳችን ቅድመ ቅጥያዎች ወደየትኛው ቅርጽ እንደምንሄድ ይጠቁማሉ። «ተግቶ በመሥራት» ሲሆን «ባይ ወርኪንግ ሃርድ»፣ «ከመተኛቴ በፊት» ሲሆን «ቢፎር ስሊፒንግ»፣ «ሳይከፍል ወጣ» ሲሆን «ሂ ሌፍት ዊዝአውት ፔይንግ»፣ «ስለመጣችሁ እናመሰግናለን» ሲሆን «ታንክ ዩ ፎር ካሚንግ»። ሁሉም «ኢንግ» ናቸው። «ለመ» ግን ለብቻው ይቆማል፤ ዓላማን ሲገልጽ ሁልጊዜ ወደ «ቱ» ይወስዳል።

ችግሩም ያለው እዚሁ «ለ» ላይ ነው። «ለ» እና «ፎር» በአእምሯችን የተጣመሩ ስለሆኑ «ሂሳብ ለመክፈት ባንክ ሄድኩ» የሚለው «አይ ዌንት ቱ ዘ ባንክ ፎር ኦፕኒንግ አን አካውንት» ይሆንብናል፤ አንዳንዴም «ፎር ቱ ኦፕን» የሚል ድርብ ስህተት ይወጣል። ትክክሉ «ቱ ኦፕን አን አካውንት» ነው። ሰው አንድን ነገር ያደረገበትን ዓላማ ሲናገር «ፎር» ከግስ ጋር አይገባም። «ፎር» ከ«ኢንግ» ጋር የሚስማማው በዋናነት በሁለት ቦታ ነው፦ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ሲነገር፣ «ኤ ናይፍ ፎር ከቲንግ ብሬድ»፤ እና ምክንያቱ ያለፈ ድርጊት ሲሆን፣ «ሂ ዎዝ ፋይንድ ፎር ስፒዲንግ»፣ በፍጥነት በመንዳቱ ተቀጣ።

መስተዋድድ የሆነው «ቱ»

አሁን ወጥመዱ። «ቱ» ራሷ አንዳንዴ የኢንፊኒቲቭ ምልክት ሳትሆን «ወደ» ወይም «ለ» እንደማለት ያለች መስተዋድድ ናት። ያን ጊዜ ተከታዩ ግስ «ኢንግ» ይይዛል። በየደብዳቤው መጨረሻ የምናየው «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» በዚህ ምክንያት ስህተት ነው፤ «ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» መባል አለበት።

መለያው ቀላል ነው። ከ«ቱ» በኋላ ያለውን ግስ አውጥታችሁ በቦታው «ኢት» (መብላት የሚለውን ግስ ሳይሆን «እሱ» የሚለውን ተውላጠ ስም) አስገቡ። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ኢት» ያስኬዳል፤ ስለዚህ መስተዋድድ ናት፣ «ኢንግ» ይከተላል። «አይ ዋንት ቱ ኢት» አያስኬድም፤ ስለዚህ የኢንፊኒቲቭ ምልክት ናት። በዚህ መፈተኛ «ኦብጀክት ቱ»፣ «ቢ ኮሚትድ ቱ»፣ «ቢ ኦፖዝድ ቱ»፣ «ኢን አዲሽን ቱ» ሁሉም ወደ «ኢንግ» ሲያመሩ ታያላችሁ።

ከዚሁ ቤተሰብ ብዙ የሚያምታታው «ዩዝድ ቱ» ነው፤ ሦስት መልክ ስላለው እያንዳንዱን ለይቶ መያዝ ይገባል። «አይ ዩዝድ ቱ ድራይቭ» ማለት እነዳ ነበር፣ አሁን ግን ትቼዋለሁ ማለት ነው። «አይ አም ዩዝድ ቱ ድራይቪንግ» ማለት መንዳት ለምጃለሁ፣ አይከብደኝም። «ኢት ኢዝ ዩዝድ ቱ ከት ሜታል» ደግሞ ብረት ለመቁረጫ ያገለግላል ነው። ልዩነቱ በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ዋጋ አለው። የሌሊት ፈረቃ አይከብደኝም ለማለት የፈለገ ሰው «አይ ዩዝድ ቱ ወርክ ናይት ሺፍትስ» ካለ ጠያቂው የሚሰማው «ድሮ ሌሊት እሠራ ነበር» የሚለውን ነው። የሚፈልገው ዓረፍተ ነገር «አይ አም ዩዝድ ቱ ወርኪንግ ናይት ሺፍትስ» ነው።

ባዶ ግስ የሚጠይቁት

«ካን»፣ «ማስት»፣ «ሹድ»፣ «ዊል»፣ «ሜይ» እና መሰሎቻቸው «ቱ»ም «ኢንግ»ም አይፈልጉም። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚያሳስተው «ሜክ» እና «ሌት» ላይ ነው። «አለቃዬ ቅዳሜ እንድሠራ አደረገኝ» ሲባል «ማይ ቦስ ሜድ ሚ ወርክ ኦን ሳተርደይ» ነው፤ «ሜድ ሚ ቱ ወርክ» አይባልም። ግን ዓረፍተ ነገሩ ወደ ተገብሮ፣ ማለትም «እንድሠራ ተደረግኩ» ወደሚለው ዓይነት ሲዞር «ቱ» ተመልሳ ትገባለች፦ «አይ ዎዝ ሜድ ቱ ወርክ»። ፈተና አውጪዎች ይቺን መገለባበጥ ይወዷታል። «ሄልፕ» ሁለቱንም ይቀበላል፤ «ሄልፕድ ሚ ፋይንድ» ወይም «ሄልፕድ ሚ ቱ ፋይንድ» ብትሉ ልዩነት የለውም።

«ሲ» እና «ሂር» ባዶውንም «ኢንግ»ንም ይቀበላሉ፤ የሚለያዩት ባዩት መጠን ነው። «አይ ሶው ሂም ክሮስ ዘ ሮድ» ሲሆን መንገዱን እስኪሻገር ድረስ አይቻለሁ። «ክሮሲንግ» ሲሆን ሲሻገር አየሁት፣ ይድረስ አይድረስ አላልኩም። አማርኛው «ሲሻገር» ሁለተኛውን በደንብ ይይዘዋል።

በመሃል ሰው ሲገባ

አንዱ ሌላውን እንዲያደርግ ሲፈልግ፣ ሲጠይቅ፣ ሲመክር፣ ሲያዝ አማርኛ «እንዲ» ይላል። እንግሊዝኛ ሰውየውን ካስቀመጠ በኋላ «ቱ» ያስከትላል። «እንዲመጣ እፈልጋለሁ» «አይ ዋንት ሂም ቱ ካም» ነው። «እንዲ»ን ቃል በቃል ለማምጣት «አይ ዋንት ዛት ሂ ካምስ» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። «አስክ»፣ «ቴል»፣ «ኤክስፔክት»፣ «ኢንከሬጅ»፣ «ሪማይንድ»፣ «ዎርን» በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ።

«አላው»፣ «ፐርሚት»፣ «አድቫይዝ» ግን ሰው ሲኖርና ሳይኖር ይለያያሉ። «ዘይ ዶንት አላው አስ ቱ ስሞክ ሂር»፣ እንድናጨስ አይፈቅዱልንም። ሰውየውን ካወጣችሁት «ዘይ ዶንት አላው ስሞኪንግ ሂር»፣ ማጨስ አይፈቅዱም። ሰው ካለ «ቱ»፣ ከሌለ «ኢንግ»።

«ሳጀስት» ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። «እንድሄድ ሐሳብ አቀረበ» ሲባል «ሂ ሳጀስትድ ሚ ቱ ጎ» የሚለው ቢያጓጓም አይሆንም። ወይ «ሂ ሳጀስትድ ጎይንግ» ወይ «ሂ ሳጀስትድ ዛት አይ ጎ» ነው፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም።

ግሱ ራሱ የሚወስንበት

እዚህ ላይ በቃል መያዝ ግድ ይላል፤ ሆኖም ጭፍን ሽምደዳ እንዳይሆን መሠረቱን ማወቅ ይረዳል። «ቱ» በጥንቱ አቅጣጫ አመልካች ስለሆነች ወደፊት ወዳልተደረገ ነገር ትጠቁማለች። ለዚህም ነው «ዋንት»፣ «ሆፕ»፣ «ዲሳይድ»፣ «ፕላን»፣ «ፕሮሚስ»፣ «አግሪ»፣ «ሪፊዩዝ»፣ «ኦፈር»፣ «ኤክስፔክት»፣ «ዝሬትን» ሁሉም «ቱ» የሚሹት፤ ስናስብ፣ ስንወስን፣ ቃል ስንገባ፣ ስንዝት ድርጊቱ ገና ነው። «ኢንግ» በበኩሉ ድርጊቱን እንደ ነባር ነገር፣ እንደ ስም አድርጎ ያቀርበዋል፤ የሚወደድ፣ የሚጀመር፣ የሚያልቅ፣ የሚካድ ነገር።

መሠረቱ ግን ሁሉን አይሸከምም። «ፖስትፖን» እና «ኮንሲደር» ገና ስላልተደረገ ነገር ቢሆኑም «ኢንግ» ይሻሉ። «ማኔጅ» የተሳካ፣ ያለቀ ድርጊት ቢገልጽም «ቱ» ነው፤ «ሺ ማኔጅድ ቱ ፓስ»። ስለዚህ «ወደፊት ከሆነ ቱ» የሚለውን እንደ ማስታወሻ እንጂ እንደ ሕግ አትያዙት።

ሁለቱንም ዝርዝር መያዝ አያስፈልግም። ባለ «ኢንግ»ዎቹን ብቻ በትርጉም ቡድን አድርጋችሁ ያዙ። ስሜት፦ «ኢንጆይ»፣ «ማይንድ»፣ «ሚስ»። መቀጠልና መተው፦ «ኪፕ»፣ «ፊኒሽ»፣ «ኩዊት»፣ «ጊቭ አፕ»። መሸሽና ማዘግየት፦ «አቮይድ»፣ «ዲሌይ»፣ «ፖስትፖን»፣ «ሪስክ»። ማመንና መካድ፦ «አድሚት»፣ «ዲናይ»። ማሰብ፦ «ኮንሲደር»፣ «ኢማጅን»፣ «ሳጀስት»። ብቻውን የቆመ፦ «ፕራክቲስ»። የማታውቁት ግስ ከገጠማችሁና ከእነዚህ ቡድኖች በአንዱም ካልገባ «ቱ» ብሎ መገመት ያዋጣል።

ሁለቱንም ተቀብለው ትርጉም የሚቀይሩት

ትርጉም ላይ ቆም ብሎ ማሰብ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። የሚገርመው አማርኛ ልዩነቱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ በሌላ ቦታ ይደብቀዋል እንጂ።

«ስቶፕ»ን ውሰዱ። «ሂ ስቶፕድ ቶኪንግ» ማውራት አቆመ፤ ዝም አለ። «ሂ ስቶፕድ ቱ ቶክ» ለማውራት ቆመ፤ ይሄድ ነበር፣ ሰው አግኝቶ ቆም አለ። «አቆመ» ካላችሁ «ኢንግ»፣ «ቆመ» ካላችሁ «ቱ»። ሐኪም ፊት «አይ ስቶፕድ ቱ ስሞክ» ያለ ታካሚ ሲጋራ ለማጨስ ቆምኩ ማለቱ ነው።

«ሪመምበር» እና «ፎርጌት» ላይ የሚረዳን የባለቤት ምልክቱ ነው። «መክፈሌን አስታውሳለሁ» ሲሆን ክፍያው ተፈጽሟል፤ «አይ ሪመምበር ፔይንግ»። «መክፈል እንዳትረሳ» ሲሆን ገና ነው፤ «ሪመምበር ቱ ፔይ»። እንደዚሁ «መክፈል ረሳሁ» «አይ ፎርጎት ቱ ፔይ» ነው፤ ገንዘቡ አልተከፈለም። «ፎርጌት» ከ«ኢንግ» ጋር በብዛት የሚመጣው ከ«ኔቨር» ጋር ነው፤ «አይ ዊል ኔቨር ፎርጌት ሲይንግ ላሊበላ»፣ ላሊበላን ማየቴን መቼም አልረሳውም። አርእስቱ «ዬ» ወይም «ኤ» የመሰለ የባለቤት ድምፅ ይዞ ካለቀና ድርጊቱ ካለፈ «ኢንግ» በሉ። «ሪግሬት»ም ይህንኑ ይከተላል፦ «ስለነገርኩት እጸጸታለሁ»፣ መንገሬ አስጸጸተኝ ሲሆን «አይ ሪግሬት ቴሊንግ ሂም»። «ዊ ሪግሬት ቱ ኢንፎርም ዩ» ደግሞ የማመልከቻ ውድቅ ማስታወቂያዎች መክፈቻ ነው፤ ጸጸቱ አሁን ሊነገር ስላለው ነገር ነው።

«ትራይ» ይበልጥ ስስ ነው። «ትራይ ቱ ኦፕን ዘ ዊንዶው» ለመክፈት ሞክር፤ መስኮቱ ተጣብቋል፣ ላይከፈት ይችላል። «ትራይ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው» ግን መክፈቱ ቀላል ነው፤ ጥያቄው ሙቀቱ ይቀንስ እንደሆነ ነው፤ «እስቲ መስኮቱን ከፍተህ እየው» እንደምንለው። ችግሩ ድርጊቱን ማድረጉ ላይ ከሆነ «ቱ»፣ ውጤቱን ማየቱ ላይ ከሆነ «ኢንግ»።

«ኒድ» ላይ ምልክቱ ተደራጊነት ነው። «መኪናዋን ማጠብ አለብኝ» «አይ ኒድ ቱ ዋሽ ዘ ካር»፤ «መኪናዋ መታጠብ ያስፈልጋታል» «ዘ ካር ኒድስ ዋሺንግ»። «መታጠብ»፣ «መጠገን»፣ «መቀባት» የሚሉት ተገብሮ አርእስቶች ባለቤቱ ዕቃ ሲሆን ወደ «ኢንግ» ይሄዳሉ፤ ከተጠራጠራችሁ «ኒድስ ቱ ቢ ዋሽድ» ማለትም ትክክል ነው።

«ሚን»፦ «አይ ዲድንት ሚን ቱ ኸርት ዩ» ልጎዳህ ብዬ አይደለም፤ «ዚስ ጆብ ሚንስ ትራቭሊንግ ኤ ሎት» ይህ ሥራ ብዙ መጓዝ ማለት ነው። አሳብና ፍላጎት ከሆነ «ቱ»፣ ማስከተል ከሆነ «ኢንግ»።

«ስታርት»፣ «ቢጊን»፣ «ኮንቲንዩ» ላይ አትድከሙ፤ ሁለቱም ያስኬዳል። አንድ ነገር ብቻ፦ ግሱ ራሱ «ኢንግ» ላይ ካለ ሁለት «ኢንግ» አትደርድሩ፤ «ኢት ኢዝ ስታርቲንግ ቱ ሬይን»። «ላይክ»፣ «ላቭ»፣ «ሄት»ም ሁለቱን ይቀበላሉ። «ዉድ ላይክ» ግን «ቱ» ብቻ ነው፤ «አይ ዉድ ላይክ ድሪንኪንግ ቲ» ብሎ ሻይ ማዘዝ አይሆንም።

ቀሪ ማዕዘኖች

ዓረፍተ ነገር በአርእስት ሲጀምር «ኢንግ» ይቀናዋል፤ «መዋኘት ለጤና ጥሩ ነው» «ስዊሚንግ ኢዝ ጉድ ፎር ዩ»። «ቱ ስዊም ኢዝ ጉድ» ስህተት ባይሆንም የመድረክ ንግግር ይመስላል። አሉታዊው «ኖት» ከቅርጹ ፊት ይቀመጣል፤ «ላለመሄድ ወሰነ» «ሂ ዲሳይድድ ኖት ቱ ጎ» ነው።

ከቅጽል በኋላ በብዛት «ቱ» ነው፦ «ሃፒ ቱ ሚት ዩ»፣ «ዲፊከልት ቱ አንደርስታንድ»። «ቢዚ» እና «ወርዝ» ግን «ኢንግ» ይሻሉ፦ «አይ አም ቢዚ ኩኪንግ»፣ «ኢት ኢዝ ወርዝ ሲይንግ»። ጊዜና ገንዘብ የሚያጠፋው «ስፔንድ»፣ ችግርን የሚናገረው «ሃቭ ዲፊከልቲ»፣ ከንቱነትን የሚናገረው «ኢት ኢዝ ኖ ዩዝ» እንዲሁ። ለሽርሽር፣ ለግዢና ለስፖርት ሲኬድ «ጎ ሾፒንግ»፣ «ጎ ስዊሚንግ» ነው፤ መሃል ላይ «ቱ» አይገባም። «ቱ» የምትገባው ቦታ ሲጠራ ነው፤ «ጎ ቱ ዘ ማርኬት»።

«ኢንግ» ጨምራችሁ ስትጽፉ ደግሞ ግሱ በማይነበብ «ኢ» ካለቀ ፊደሉ ይወድቃል፤ «ሜክ» እና «ራይት» እንዲህ ናቸው። «ስዊም»፣ «ረን»፣ «ስቶፕ» የመጨረሻ ፊደላቸውን ይደግማሉ። «ቪዚት» እና «ኦፕን» አይደግሙም፤ ሲነገሩ የድምፅ ጫናው መጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ስለሆነ። «ቢጊን» ይደግማል፤ ጫናው መጨረሻ ላይ ነው። «ትራቭል»ን እንግሊዞች ደግመው፣ አሜሪካኖች ሳይደግሙ ይጽፉታል፤ ከሁለቱ አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ጽኑበት።

የሥራ ማመልከቻ ላይ የሚደጋገሙትን እንያቸው። «አይ አም ራይቲንግ ፎር አፕላይንግ» ዓላማ ነውና «ቱ አፕላይ» ይሁን። «አይ አም ኢንተረስትድ ኢን ቱ ወርክ» መስተዋድድ አለበትና «ኢን ወርኪንግ»። «አይ ሃቭ ኤክስፒሪየንስ ቱ ማኔጅ» ይህ ስም የሚወስደው «ኢን» ነውና «ኢን ማኔጂንግ»። «አይ ዉድ ላይክ ሃቪንግ አን ኢንተርቪው» «ቱ ሃቭ» ይባል። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚት ዩ» «ኢት» አስገብታችሁ ፈትኑትና «ቱ ሚቲንግ ዩ» አድርጉት። «ፕሊዝ ዱ ኖት ሄዚቴት ቱ ኮንታክት ሚ» የሚለውን ግን እንዳለ ተዉት፤ «ሄዚቴት» የ«ቱ» ግስ ነው።